ከሹፌሩ ፊት ያለው ሚካኤል

ወደ ክፍለ ሀገር ሊሄድ አውቶቡስ ተራ የገባ መንገደኛ፣ ሻንጣውን ጣሪያ ላይ አስጭኖ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ከሹፌሩ ፊት ለፊት የተለጠፈ ሥዕል ማየቱ አይቀርም። በብዙ አውቶቡስ ላይ ቅዱስ ሚካኤል ነው፤ ክንፉን ዘርግቶ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥሩር ለብሶ፣ በቀኙ ሰይፍ አንስቶ፣ በግራው ሰንሰለት ጨብጦ፣ ሰይጣንን በእግሩ የረገጠው። ይኸው ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይሸጣል፣ በየሳሎኑ ተሰቅሏል፣ በየሱቁ ከመደርደሪያው በላይ አለ። የማያውቀው የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የብዙዎቹ ኅትመቶች መነሻ ጣሊያናዊው ጊዶ ሬኒ እ.ኤ.አ. በ1635 አካባቢ ሮም ለሚገኝ የካፑቺን መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን የሳለው ሚካኤል ነው። ሥዕሉ ዛሬም እዚያው አለ። አውቶቡስ ተራ የደረሰው ግን የቅጂ ቅጂ፣ የዚያም ቅጂ ሆኖ ነው፤ ቀለሙ ደምቆ፣ ፊቱ ለስልሶ፣ የጨርቁ እጥፋት ግማሹ ጠፍቶ።

ሬኒ ራሱ ሌላውን አስመስሎ በመሳል ያደገ ሰው ነው። በተወለደባት በቦሎኛ የራፋኤል ቅድስት ሴሲልያ ነበረች፤ ሬኒ በወጣትነቱ እሷን የቀዳበት ሥራ አሁንም ሮም ውስጥ በሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። የተማረበት የካራቺዎቹ ትምህርት ቤትም ዋና ሥራው ንድፍ ነበር፤ ሬኒ በቀይና በጥቁር ጠመኔ የሠራቸው የፊትና የእጅ ንድፎች ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞች ተጠብቀዋል። እንግዲህ በመርካቶ ሰማይ ስር ሁለት ዓይነት ቅጂ ተገናኝቷል ማለት ነው። አንደኛው ራፋኤልን በመቅዳት ሬኒን ያወጣው ነው፤ ሁለተኛው ሬኒን በማተሚያ እያባዛ አውቶቡስ ላይ የለጠፈው ነው። የመጀመሪያው ሠዓሊ ያወጣል፣ ሁለተኛው ሥዕል ያወጣል። ሥዕልን ስለመማር ስንነጋገር ሁለቱን አንድ አድርገን «መኮረጅ» ብለን የምናጣጥል ከሆነ ለጀማሪው ከሁሉም የሚጠቅመውን ልምምድ እንነፍገዋለን። በእኛ አገር ደግሞ ይህን ማድረግ የራስን ታሪክ መርሳት ጭምር ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የቀደሙትን ሊቃውንት ሥራ በጠመኔ እየቀዱ መማር በአውሮፓ ለዘመናት ሲሠራበት የቆየ ነው። ማይክል አንጄሎ ገና ልጅ ሳለ ፍሎሬንስ ውስጥ ወደ ብራንካቺ ጸሎት ቤት እየሄደ ማዛቾ በግድግዳው ላይ የሳላቸውን ሐዋርያት ይቀዳ ነበር፤ ከማዛቾ የወሰደው ጴጥሮስ፣ በብዕርና በቀይ ጠመኔ የተሠራ፣ ዛሬ ሙኒክ ይገኛል። አፍንጫው የተሰበረውም እዚያው እየሳሉ ሳለ ነው ይባላል፤ አጠገቡ በሚቀዳው በቶሪጃኖ ላይ ቢያሾፍ ቶሪጃኖ በቡጢ አገኘው። ተማሪዎቹ ነገሩን እንደዋዛ እንዳልያዙት ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ሩበንስ እ.ኤ.አ. ከ1600 እስከ 1608 ጣሊያን በቆየባቸው ዓመታት በተራው የማይክል አንጄሎን ነቢያት በጠመኔ ቀዳ። የፈረንሳይ አካዳሚም ተማሪዎቹን በመጀመሪያ የሊቃውንትን ንድፍ፣ ቀጥሎ የጂፕሰም ሐውልት፣ በመጨረሻ ሕያው ሰው እያሳለ ያስተምር ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው አንዱ የሌላውን እጅ እንዲህ ይዞ መምጣቱ እንጂ የትኛው ከየትኛው መብለጡ አይደለም።

ለምን ጠመኔ? የጥንቶቹ ጠመኔ በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የምናውቀው አልነበረም። ከመሬት የሚወጣ ድንጋይ ነበር፤ ቀዩ በብረት ዝገት የቀላ ሸክላ አፈር፣ ጥቁሩ ካርቦን ያለበት ለስላሳ ድንጋይ፣ ነጩ የኖራ ድንጋይ ወገን። ዛሬ በሳጥን የሚሸጠው የሰሌዳ ጠመኔ በአብዛኛው ከጂፕሰም ይሠራል፤ ደረቅ ነው፣ አቧራው ይበዛል፣ ወረቀት ላይ አጥብቆ አይዝም። ያም ሆኖ የሁሉም ጠባይ አንድ ነው፦ እንደ እርሳስ ቀጭን መስመር ብቻ አያወጣም። ጫፉን ካቆሙት መስመር ይሠራል፣ በጎኑ ካስተኙት ሰፊ ጥላ ይጥላል፤ ጫን ሲሉት ይጠቁራል፣ ቀለል ሲሉት እንደ ጭጋግ ይሆናል። እርሳስ የያዘ ጀማሪ የዓይኑን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ እየቆጠረ ጭንቅላቱ ተጣሞ የተሳለ መሆኑን ሳያይ ይቀራል። ጠመኔ ይህን አይፈቅድለትም፤ ጫፉ ለሽፋሽፍት ይወፍራል። ተማሪው ወዶ ሳይሆን ተገዶ ትልቁን ቅርጽ አስቀድሞ ያያል። ቀይ ጠመኔ ደግሞ አንዴ ከተጫኑት በቀላሉ አይጠፋም፤ ስለዚህ እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት ዓይን ወስኖ መጨረስ አለበት።

ዕቃው ውድ ነው የሚለው ሰበብም መርካቶ ላይ አይሠራም። ሻጭ ዕቃ የሚጠቀልልበት ቡናማ ካኪ ወረቀት፣ ከቡና ማፍያው ምድጃ የተረፈ ለስላሳ ከሰልና አንድ ነጭ ጠመኔ ይበቃሉ። ይህ የድሃ መላ ብቻ እንዳይመስል፤ የአውሮፓ ሊቃውንት ራሳቸው ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ወረቀት ላይ በጥቁርና በነጭ ይሠሩ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወረቀቱ መካከለኛውን ብርሃን ራሱ ይዟል፤ ሠዓሊው የሚጨምረው ከዚያ የጠቆረውንና ከዚያ የበራውን ብቻ ነው። አንድ ተማሪ የሬኒን ሚካኤል ፊት ከደህና ኅትመት ይቀዳል እንበል። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሲያይ ዝርዝሩ ይጠፋና ሦስት ጥቁር ቦታዎች ይቀራሉ፦ ከጸጉሩ ስር፣ ከአፍንጫው ጎን፣ ከአገጩ በታች። እነዚህን በከሰሉ ጎን ያስቀምጣል። መራራቃቸው ትክክል ከሆነ ዓይንና አፍ ገና ሳይሳል ፊቱ ሬኒን ይመስላል፤ ልክ ካልሆነ ዓይኑ ምንም ያህል ቢያምር አይመስልም። ነጩ ጠመኔ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ግንባሩ ላይ፣ የአፍንጫው ጫፍ ላይ፣ የታችኛው ከንፈር ላይ፣ ያውም በጥቂቱ። ጀማሪ ሁሉ ነጩን ያበዛል። ያን ጊዜ ፊቱ ላብ ያጠመቀው ይመስላል፤ ተማሪውም ሬኒ ምን ያህል ቆጣቢ እንደነበር የዚያን ዕለት ያውቃል። ይህን በንግግር ያስረዳው መምህር ቢኖር ተማሪው ራሱን ነቅንቆ ያልፈው ነበር።

አሁን ዋናውን ተቃውሞ እንስማው። የሌላውን ሲቀዳ የኖረ ሰው የራሱ የሚለው ነገር ከየት ይመጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰውን ሲያባዙ የቀሩም ብዙ ናቸው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከአውሮፓው የበረታ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1591 የሜዲቺ ማተሚያ ቤት ሮም ላይ ወንጌልን በዐረብኛ አሳተመ፤ ውስጡ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ነበሩበት። መጽሐፉ ኢትዮጵያ ደረሰ፤ በአስራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች ወንጌል ሲሥሉ የሥዕሎቹን አቀማመጥ ከዚያ ወሰዱ። ማን የት እንደቆመ፣ ማን ወዴት እንዳየ ብታስተያዩት ቅጂነቱ አይካድም። ነገር ግን በቴምፔስታ ሥራ ላይ በጥቃቅን ጭረት የተሞላው መልክዓ ምድርና ርቀት ቀርቷል፣ በምትኩ ንጹሕ ቀለም ገብቷል፤ ልብሱ በጎን ለጎን መስመር ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኑ ተልቋል። ሮማዊውን ወንጌል የቀዱት እጆች ዛሬ ማንም ከሩቅ «ጎንደር» ብሎ የሚለየውን ሥዕል አወጡ።

የእመቤታችን ሥዕል ነገር ከዚህም ይልቃል። ሮም ውስጥ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው ጥንታዊት ሥዕል፣ እጆቿን በልጇ ላይ አመሳቅላ መሐረብ የያዘችው፣ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን አማካይነት በቅጂና በኅትመት ዓለምን ዞረች፤ ኢትዮጵያም ገባች። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። ቀረች ብቻም ሳይሆን ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው ከግራ ከቀኝ ቆሙላት፣ ልብሷ የአገሬውን ጥለት ለበሰ፣ ከዚያ በኋላ ለትውልዶች ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ምስለ ፍቁር ወልዳን ሲሥል ይህንኑ መልክ ያዘ። ይዘዋት የመጡት ሰዎች በጠላትነት የተባረሩባት ሥዕል የአገር ሥዕል የሆነችው እየተቀዳች ነው፤ ሳትቀዳ ቀርታ ቢሆን በአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ተቀምጣ ትቀር ነበር።

እዚህ ላይ የአብነት ትምህርት የሚያውቅ አንባቢ ቅኔን ያነሳብኛል። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ ያፍራል፤ በየዕለቱ አዲስ መቁጠር አለበት፤ የተቀኘም ቅኔ በሌላ ጊዜ አይደገምም። ታዲያ የራሳችን ሊቃውንት ፈጠራን ከቅጂ በላይ አላስቀመጡምን? አስቀምጠዋል፤ ግን ተማሪው ወደ ቅኔ ቤት የሚመጣው በንባብና በዜማ ቤት የመምህሩን ድምፅ ሲከተል ኖሮ ነው። ቅኔ ቤት ከገባ በኋላም ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የእያንዳንዱን ዓይነት ልክ በመምህሩ ቅኔ ላይ እየሰማና እየተፈታለት ይለምደዋል። ፈጠራው የሚጠየቀው ልኩ በጆሮው ከገባ በኋላ ነው። በሥዕል ደግሞ ጆሮ የለም፤ ልኩ የሚገባው በእጅ ነው። ስለዚህ ቅኔን የሚያነሳ ሰው የሚያረጋግጠው ቅጂ ፍጻሜ እንዳልሆነ ነው። ይህን እኔም አልክድም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። የሚቀዳው ሬኒና ራፋኤል ብቻ ከሆነ፣ ተማሪው ከእጁ ልምምድ ጋር አብሮ የሰውን ዓይን አይወርስምን? ይወርሳል። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ላይ ብዙ የአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት በሸራ ላይ በዘይት ቀለም ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ፣ ከአውሮፓ ኅትመት የተወሰዱ ሥዕሎችን ለብሰዋል፤ ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ የጎንደሩን ቀጂ ድፍረት የላቸውም፤ እንደ ኅትመቱ ለመሆን ብቻ ይደክማሉ። መድኃኒቱ ግን መቅዳትን መተው አይደለም፣ የሚቀዳውን መለወጥ ነው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ተደርድረው ቁልቁል የሚያዩት የመላእክት ፊቶች፣ በጣና ደሴት በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን እግር ስር የተደፉት እቴጌ ምንትዋብ፤ እነዚህም የቀደሙ ሊቃውንት ሥራዎች ናቸው።

«የእኛ ሥዕል ጠፍጣፋ ስለሆነ በጠመኔ አይቀዳም» የሚል አለ። ግማሹ እውነት ነው። የመጀመሪያው የጎንደር ስልት ቀለሙ ሜዳ፣ ውበቱ በመስመሩ ነው፤ እሱን ለመቅዳት ብሩሽ ወይም ሸንበቆ ብዕር ይሻላል። ከአስራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይም ከምንትዋብ ዘመን ጀምሮ የመጣው ሁለተኛው የጎንደር ስልት ግን ሌላ ነው። ፊቶቹ ክብ ናቸው፤ በጉንጩ ዳር፣ በአፍንጫው ጎንና በአንገቱ ስር ጥላ ቀስ እያለ ይገባል። ከእነዚህ አንዱን በካኪ ወረቀት ላይ በከሰልና በጠመኔ የሚቀዳ ተማሪ ሬኒ ፊት ያልገጠመው ነገር ይገጥመዋል፦ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አያገኘውም። ብዙ ጊዜ የፊቱ ሁለቱም ዳር ጨልሟል፣ መካከሉ በርቷል፤ መስኮት የለም፣ ሻማ የለም፣ በአንድ ወገን የሚወድቅ ጥላ የለም። የጎንደሩ ሠዓሊ ጥላን የተጠቀመው ፊቱን ለማክበድ እንጂ ሰዓቱን ለመናገር አልነበረም። መጻሕፍት ስለዚህ ስልት ብዙ ጽፈዋል፤ አንድ ከሰዓት በኋላ በጠመኔ የደከመበት ግን ሳያነበው ያገኘዋል፣ ሬኒን አስቀድሞ የቀዳ እንደሆነ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ ይታየዋል። ስለዚህ ሁለቱንም መቅዳት ይሻላል እላለሁ።

ስልኩ እያለ ለምን እንደክማለን የሚለው ሦስተኛው ክርክር ነው። ስልክ ሥዕሉን ያነሳል፣ ማተሚያው ያወጣል፣ ግድግዳ ላይ በብርሃን ጥሎ ጠርዙን መከተልም ይቻላል። ውጤቱ ከማንም ተማሪ ጠመኔ ይልቅ ትክክል ይሆናል። ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰውየው ምን ቀረለት? ጠርዙን የተከተለ እጅ ርቀትን አልገመተም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ከተነሳ ምንም አያስታውስም። ቅጂ ለሌላ ዓላማ ሲውል ምን እንደሚሆን ያሳየን አንድ የጎንደር ታሪክ አለ። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳዮች የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ሲደርስ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ጥንታዊ ሥዕሎች ከግድግዳ አንስቶ ወሰደ፤ በቦታቸው ከጉዞው ጋር የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸው ምትክ ሥዕሎች ገቡ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ናቸው። ሩ የጎንደርን ሠዓሊዎች ሲከተል የተማረው ነገር አይጠፋም፤ እጁ ተምሯል። ሥዕሎቹ ግን የተሠሩት ሰው ሊያስተምሩ ሳይሆን ባዶ ግድግዳ ሊሸፍኑ ነው። ቅጂን የማከብረው በዋናው ቦታ እስካልተተካ ድረስ ነው፤ የተማሪ ቅጂ ከተሠራ በኋላ ቢቀደድም ጉዳት የለውም።

ቢቀደድም ስል የሚከፋው እንዳለ አውቃለሁ። ቅዱስ ሥዕል ተለማምደውበት የሚጥሉት ነገር አይደለም፤ አቧራ ላይ የወደቀ የጠመኔ ሚካኤል ማንም አይወድም። ይህ የሚከበር ስሜት ነው፤ መላም አለው። የጥንቶቹም ተማሪዎች ሁልጊዜ ሙሉ ሥዕል አይቀዱም ነበር። እጅ ብቻ፣ የካባ እጥፋት ብቻ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ አንገቱን ሲያጎብጥ ያለውን መስመር ብቻ መቅዳት ይቻላል፤ ለትምህርቱም ይሻላል። ለአንድ ጀማሪ ከሙሉ ሥዕል ይልቅ አምስት ፈረሶች ይጠቅሙታል።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመጣ፣ ሠዓሊው ዓለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲመሠርቱ ንድፍን መሠረት ማድረጋቸው እንግዲህ ከየትም የመጣ አልነበረም፤ እሳቸው በቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት ተምረዋል። በደርግ ዘመንም ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጡ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው፣ እንደ ታደሰ መስፍን በሌኒንግራዱ ሬፒን ተቋም፣ ጥብቅ የንድፍ ትምህርት ወስደዋል። ይሁን እንጂ ከትምህርት ቤቱ ጋር ስማቸው ከሚነሳው ውስጥ በፈጠራቸው የሚታወቁት እስክንድር ቦጎስያንና ዘሪሁን የትምጌታ የጥንቱን ጠልሰምና የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አጥብቀው የመረመሩ ናቸው። አፈወርቅ ተክሌም የቀደሙትን የብራና ሥዕሎች ለማጥናት በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ተዘዋውረዋል፤ ያን ያህል ርቀው የሄዱት የእኛው ብራና እዚያ ስለነበረ ነው።

መቅዳት መቼ ይበቃል የሚለው ጥያቄ ላይ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጥም። ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1880 ሥዕል ለመማር ሲነሳ ቤልጅየም ውስጥ ተቀምጦ ሻርል ባርግ ለተማሪ ያዘጋጃቸውን ሰሌዳዎች በከሰል ደጋግሞ ቀዳ። ዐሥር ዓመት አልፎ፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸውን ሥዕሎች ከሠራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 እነዚያኑ ሰሌዳዎች እንዲልክለት ወንድሙን ጠየቀ። እንግዲህ ለእሱ በቅቶት አልነበረም።

ለአውቶቡስ ተራው ጀማሪ ግን የጎደለው ጊዜ ሳይሆን ዋናው ሥራ ይመስለኛል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ ከአገሪቱ ምርጥ የሥዕል ገበታዎች የተሰበሰቡበት ክፍል አለ፤ ከመርካቶ በታክሲ የሚደረስ ነው። ጠመኔና ከሰል ግን በገበታ ሥዕሎቹ አጠገብ አይሆንም፤ አቧራው ለአሮጌ ቀለም ጠላት ነው፣ በዚህ የሙዚየም ጠባቂ ቢከለክል ትክክል ነው። የሚያዛልቀው ሁለት ጊዜ መቅዳት ነው። በሙዚየሙ ቆሞ በእርሳስ፣ መጠኑንና የጥላውን ቦታ ብቻ መያዝ፤ ከዚያ ቤት ገብቶ ካኪውን ዘርግቶ ከማስታወሻውና ከትዝታው በጠመኔ መሥራት። የጠመኔው ዱቄት እንዳይረግፍ በጸጉር ስፕሬይ ከራቅ ብሎ ስስ አድርጎ መርጨት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወረቀቱን ይዞ ተመልሶ ዋናው ፊት ቆሞ የት እንደሳተ ማየት።